ጥሩው ኮሌስትሮል ስኳር ሲያገኘው፦ ወረቀቱ «ኖርማል» ቢልም ልብ ለምን ያሰጋታል?

የዛሬው ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ ከሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ።

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ አለ። ይዘቱ ሁሌም ያው ነው፦ «እማዬ ስኳር አለባት። ኮሌስትሮል ተመርምራ ጥሩው 54 ሆኖ ወጣ፣ ኖርማል ነው ተባለች። ታዲያ ዶክተሩ የኮሌስትሮል መድኃኒት ለምን ጻፈላት? ዝም ብሎ ነው እንዴ?»

ዝም ብሎ አይደለም። ስኳር ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ለዓመታት ሲቆይ ጥሩውን ኮሌስትሮል በሁለት በኩል ይጎዳዋል። በአንድ በኩል ቁጥሩን ይቀንሰዋል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ቁጥሩ ባይቀንስ እንኳ፣ ሥራውን እንዳይሠራ ያደርገዋል። የላብራቶሪ ወረቀት የሚያሳያችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው እዚያ ላይ አይጻፍም።

ከመግባታችን በፊት፦ እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የተሠሩትን ጥናቶች አንብበን በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ነው የኛ ሥራ። መድኃኒት መጀመርም ሆነ ማቆም ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ጥሩ» ያስባለው ምንድነው?

ኮሌስትሮል ቅባት ነገር ነው። ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ሁለቱ አይዋሃዱም። ስለዚህ ሰውነታችን ኮሌስትሮሉን በፕሮቲን በተሸፈኑ በጣም ጥቃቅን ኳሶች ውስጥ ጭኖ ነው የሚያመላልሰው። ኤልዲኤል እና ኤችዲኤል የእነዚህ ኳሶች ስም ነው። ማለትም «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚባሉ ሁለት ዓይነት ኮሌስትሮሎች የሉም። ውስጡ ያለው ያው አንድ ነገር ነው፣ የሚለየው ተሸካሚው ነው።

ኤልዲኤል ኮሌስትሮል ይዞ በየሰውነታችን ክፍል ይዞራል። ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባና እዚያው ይቀራል። ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ሊያጸዱት ይመጡና ይውጡታል፣ እነሱም በቅባት ይሞላሉ። ይሄ ክምችት ነው ቀስ በቀስ የደም ሥሩን የሚያጠበው። አንድ ቀን ክምችቱ ሲሰነጠቅ ደም እላዩ ላይ ይረጋል። ልብ ላይ ከሆነ የልብ ድንገተኛ ሕመም (ሃርት አታክ የሚባለው)፣ ጭንቅላት ላይ ከሆነ ስትሮክ።

ኤችዲኤል ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። በየሰፈሩ ጋሪና ማዳበሪያ ይዘው ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ልጆች አስቡ። ኤችዲኤል በቅባት ከተሞሉት ሴሎች ላይ ኮሌስትሮሉን ይቀበልና ወደ ጉበት ይመልሳል፣ ጉበት ደግሞ በሐሞት በኩል ያስወግደዋል። በዚህ ብቻ አያበቃም። ኤልዲኤል በኦክስጅን ተበላሽቶ ይበልጥ ጎጂ እንዳይሆን ይከላከላል። የደም ሥር ውስጠኛው ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ እንዲያመርት ያነሳሳል፣ ይሄ ጋዝ ደግሞ የደም ሥሩን ያፍታታዋል። ብግነትንም ያበርዳል።

ታዋቂነቱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ከ1948 ጀምሮ ነዋሪዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲከታተል የቆየ ጥናት አለ። በ1977 የወጣው ውጤታቸው ኤችዲኤላቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «ጥሩው ኮሌስትሮል» የሚለው ስም ተለጠፈበት። ዛሬ ወረቀታችሁ ላይ የምታዩት መለኪያ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው ይላል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ላብራቶሪው የሚለካው በዚያች ቅጽበት በኤችዲኤል ኳሶች ውስጥ ተጭኖ የተገኘውን ኮሌስትሮል ነው። ጋሪዎቹን ቆመው ፎቶ እንደማንሳት ማለት ነው። በቀን ስንት ቤት እንደደረሱ፣ ስንት ጊዜ ተመላልሰው እንዳራገፉ ፎቶው አይናገርም። ጤነኛ ሰው ላይ ፎቶውና ሥራው ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ስኳር ሲመጣ ግን ይለያያሉ።

ስኳር ቁጥሩን የሚቀንሰው እንዴት ነው?

ይሄኛው በብዛት የሚታየው ዓይነት ሁለት ስኳር ላይ ነው፣ አዋቂዎች ላይ የሚመጣውና ኢንሱሊን እያለ ሰውነት አልታዘዝ የሚልበት ዓይነት።

ኢንሱሊን ሳይታዘዝ ሲቀር ከቅባት ሴሎች ብዙ ቅባት ወደ ጉበት ይጎርፋል። ጉበትም ያንን ትራይግሊሰራይድ እያደረገ ወደ ደም ይለቀዋል። ደም ውስጥ ሲኢቲፒ የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ሥራው ልክ እንደ መርካቶ ደላላ ማቀያየር ነው። ከኤችዲኤል ኮሌስትሮል ይወስዳል፣ በምትኩ ትራይግሊሰራይድ ይሰጠዋል። ትራይግሊሰራይድ በበዛ ቁጥር ልውውጡም ይበዛል። በመጨረሻ ኤችዲኤሉ በትራይግሊሰራይድ የተሞላ ይሆናል፣ የጉበት ኢንዛይም ያንን ይቆራርጠዋል፣ ኳሱ ይኮሰምናል፣ ከዚያ በኩላሊት በኩል ቶሎ ይወገዳል።

ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው ወረቀት ላይ ትራይግሊሰራይድ ከፍ፣ ኤችዲኤል ዝቅ ብሎ አብረው ሲመጡ አትገረሙ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች አይደሉም፣ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታ ናቸው። በነገራችን ላይ ይሄው ልውውጥ ኤልዲኤሉንም ያነካካዋል፣ ትንንሽና ጠጣር ያደርገዋል። ስለዚህ የኤልዲኤል ቁጥር መካከለኛ ሆኖ የኳሶቹ ብዛት ግን ከፍተኛ ሊሆን ይችላል።

ሥራውንስ?

ዋናው ጉዳያችን እዚህ ነው።

ስኳር የሚከታተል ሰው ቤት ውስጥ ካለ «የሦስት ወር ምርመራ» ወይም ኤ ዋን ሲ የሚባለውን ታውቃላችሁ። ምን እንደሚለካ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሄሞግሎቢን የሚባለው ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ስኳሩ ከፍ ባለ ቁጥር የተጣበቀበት ሄሞግሎቢን ይበዛል። ኤ ዋን ሲ ስንት በመቶው እንደተጣበቀበት ነው የሚነግራችሁ።

እሺ፣ ስኳር ሄሞግሎቢን ላይ ብቻ መርጦ አይጣበቅም። ያገኘው ፕሮቲን ላይ ሁሉ ነው። ከነዚህ አንዱ አፖ ኤ ዋን ነው። አፖ ኤ ዋን የኤችዲኤል ዋና ፕሮቲን ነው፣ ጋሪውን ጋሪ ያደረገው እሱ ነው። ስኳር ሲጣበቅበት ቅርጹ ይዛባል፣ ከሴሎች ኮሌስትሮል የመቀበል አቅሙም ይዳከማል። ኤችዲኤል ተሸክሟቸው የሚዞር ፓራኦክሶኔዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፣ ኤልዲኤል እንዳይበላሽ ከሚከላከሉት አንዱ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ የዚህ ኢንዛይም ሥራ ቀንሶ ይገኛል። ሰውነት ውስጥ የማያቋርጥ ብግነት ሲኖር ደግሞ ሌሎች ፕሮቲኖች መጥተው የአፖ ኤ ዋንን ቦታ ይይዛሉ። ጋሪው አለ፣ ጎማው ግን ተንፍሷል።

ሴሉ በኩልም ችግር አለ። ይሄን ለመረዳት አንድ የቆየ ታሪክ ያስፈልገናል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ታንጂር የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከዚያች ደሴት የመጡ ወንድምና እህት ልጆች ቶንሲላቸው ብርቱካናማ ሆኖ ተገኘ። ዶናልድ ፍሬድሪክሰን እና ባልደረቦቹ በ1961 እንዳሳወቁት የልጆቹ ደም ውስጥ ኤችዲኤል የለም በሚያስብል ደረጃ ዝቅተኛ ነበር። ቶንሲላቸውን ያቀለመው መውጫ ያጣ ኮሌስትሮል ነበር። ምክንያቱ በዘረመል ደረጃ የታወቀው በ1999 ነው፦ ኤቢሲኤ ዋን የሚባል፣ ኮሌስትሮልን ከሴል ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ተበላሽቶባቸው ነው። በሩ ካልተከፈተ ሰብሳቢው ደጅ ቢቆምም የሚቀበለው የለም።

ስኳር ያለባቸው ሰዎች የታንጂር በሽታ የለባቸውም። ነገር ግን በላብራቶሪ ሴሎች ላይ በተሠሩ ሥራዎች ከፍተኛ ስኳርና ስኳር የተጣበቀባቸው ፕሮቲኖች ይሄንኑ በር እንደሚቀንሱ ታይቷል። ማለትም ተቀባዩም ተዳክሟል፣ በሩም ጠቧል።

የደም ሥር ማፍታታቱስ? በ2010 ሰርኩሌሽን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከጤነኛ ሰዎችና ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው ሰዎች ኤችዲኤል ወስዶ አነጻጸረ። የጤነኞቹ ኤችዲኤል የደም ሥር ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመርት አነሳሳ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ግን ይሄን ጥቅም አጥቶ ተገኘ።

ዓይነት አንድ ስኳር (ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረው፣ ከመነሻው ኢንሱሊን በመርፌ የሚወሰድበት) ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። እነዚህ ሰዎች ስኳራቸውን ሲቆጣጠሩ ኤችዲኤላቸው ኖርማል፣ አንዳንዴም ከኖርማል በላይ ነው። ሆኖም የልብ ሕመም አደጋቸው ከእኩዮቻቸው ከፍ ያለ ነው። የአደጋው መንስኤ ብዙ ነው፣ ሁሉንም በኤችዲኤል ማሳበብ አይቻልም። ግን ቆንጆ ቁጥር ብቻውን እንደማያድን ማሳያ ነው።

ሴቶች ላይ ለምን ይከፋል?

ከማረጥ በፊት ያሉ ሴቶች በልብ ሕመም ከወንዶች ያነሰ ይጠቃሉ። ኤችዲኤላቸውም በአማካይ ከወንዶች ከፍ ያለ ነው። ስኳር ይሄን ብልጫ ይሸረሽረዋል። በ2014 የወጣ፣ 64 ጥናቶችንና ከ850 ሺህ በላይ ሰዎችን የደመረ ትንተና አለ። ስኳር በልብ ደም ሥሮች ሕመም ላይ የሚጨምረው አንጻራዊ አደጋ ሴቶች ላይ ከወንዶች በ44 በመቶ ይበልጣል ይላል። «ሴት ልጅ ልቧ አይታመምም» የሚለውን ወሬ የምትሰሙ ከሆነ ስኳር ላለባት እናት ፈጽሞ አይሠራም።

ታዲያ ኤችዲኤልን በመድኃኒት ለምን አናሳድገውም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትልልቆቹ የመድኃኒት ኩባንያዎችም ይሄንኑ ነበር ያሰቡት። ቅድም ደላላ ያልነውን ሲኢቲፒን ብናግደው ኤችዲኤል ይጨምራል አሉ። ፋይዘር ቶርሴትራፒብ የሚባል መድኃኒት ሠራ። ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተሞከረ፣ ብዙዎቹ ስኳር ያለባቸው ነበሩ። ኤችዲኤል በ72 በመቶ አደገ! ወረቀት ላይ ያማረ ውጤት ነው።

ታኅሣሥ 2006 ላይ ሙከራው በድንገት እንዲቆም ተደረገ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 93 ሰዎች ሞተው ነበር፣ ካልወሰዱት ግን 59። መድኃኒቱ የደም ግፊት ይጨምር ስለነበር «ጥፋቱ የዚያ ነው» የሚል ክርክር ተነሳ። እንዳጋጣሚ ሌሎች ኩባንያዎች ግፊት የማይጨምሩ ተመሳሳይ መድኃኒቶች ነበሯቸው። ዳልሴትራፒብ በ2012 ቆመ፣ ጥቅም የለውም። ኢቫሴትራፒብ ኤችዲኤልን ከእጥፍ በላይ አሳደገ፣ በ2015 እሱም ጥቅም የለውም ተብሎ ቆመ። አናሴትራፒብ የተባለው በ2017 መጠነኛ ጥቅም አሳየ፣ ተመራማሪዎቹ ግን ጥቅሙን የሰጡት መጥፎውን በመቀነሱ እንጂ ጥሩውን በመጨመሩ አይደለም።

ናያሲን (የቫይታሚን ቢ ዓይነት ነው፣ በከፍተኛ መጠን ኤችዲኤል ያሳድጋል) ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2014 ውጤቱ ወጣ። ልብን አልጠቀመም፣ ጭራሽ አዲስ የስኳር ሕመምተኞችን አበዛ፣ የነበረባቸውንም ስኳራቸውን አስቸገረ። ኢንተርኔት ላይ «ኤችዲኤል ማሳደጊያ» ተብሎ ሲሸጥ ካያችሁ ይሄን አስታውሱ። በ2022 ደግሞ ልክ የኛን ርዕስ የሚመስሉ ሰዎች ላይ፣ ማለትም ዓይነት ሁለት ስኳር፣ ከፍተኛ ትራይግሊሰራይድና ዝቅተኛ ኤችዲኤል ባላቸው ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ፣ ፔማፋይብሬት ተሞከረ። ትራይግሊሰራይዱ ወረደ። የልብ ሕመሙ አልቀነሰም።

የዘረመል ጥናቶችም ይሄንኑ ደገሙት። በ2012 ላንሴት ላይ የወጣ ሥራ በተፈጥሮ ኤችዲኤላቸውን ከፍ የሚያደርግ ዘረመል ይዘው የተወለዱ ሰዎች ከልብ ሕመም የተለየ ጥበቃ እንደሌላቸው አሳየ። በተቃራኒው ጣሊያን ውስጥ በጋርዳ ሐይቅ ዳር ሊሞኔ የምትባል መንደር አለች። እዚያ አፖ ኤ ዋን ሚላኖ የተባለ የተለየ ፕሮቲን ያላቸው ቤተሰቦች ተገኝተዋል፣ ኤችዲኤላቸው በጣም ዝቅተኛ ነው፣ ልባቸው ግን እንደ ቁጥሩ አልታመመም። በዴንማርክ በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ ኤችዲኤል እጅግ በጣም ከፍ ሲል (100 እና ከዚያ በላይ አካባቢ) የሞት መጠን አብሮ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የበዛ ሁሉ ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ከቁጥሩ ወደ ሥራው አዞሩ። በ2014 በዳላስ ከተማ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ላይ የኤችዲኤል ኮሌስትሮል የመቀበል አቅም ተለካ። አቅሙ ከፍተኛ የሆነላቸው ዝቅተኛ ከሆነባቸው ጋር ሲነጻጸሩ አደጋቸው በ67 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፣ የኤችዲኤል ቁጥራቸው ግምት ውስጥ ገብቶም ቢሆን። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ቶሎ አንቸኩል፦ አፖ ኤ ዋንን በደም ሥር መስጠት ከ18 ሺህ በላይ የልብ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በ2024 የታሰበውን ግብ ሳይመታ ቀርቷል። ያንን የአቅም ምርመራም ተራ ላብራቶሪ አይሠራውም፣ የምርምር ቤት ሥራ ነው። ሐኪማችሁን «የኤችዲኤል ሥራዬን ለካልኝ» ብትሉት ምንም አያደርግላችሁም።

እኛ አገርስ?

በ2015 የዓለም ጤና ድርጅትን ስቴፕስ የተባለ አሠራር ተከትሎ በኢትዮጵያ የተሠራ አገር አቀፍ ጥናት አለ። ውጤቱ የሚገርም ነው። አጠቃላይ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ከመቶ 5 አካባቢ ብቻ ናቸው። ኤችዲኤላቸው ዝቅተኛ የሆነ ግን ከ10 ሰው ወደ 7 ይጠጋል። የኛ ሰው ችግር «ኮሌስትሮል በዛ» ከሚለው ይልቅ «ጥሩው አነሰ» የሚለው ነው ማለት ነው። ቅባት ያነሰበትና እህል የበዛበት አመጋገብ ኤችዲኤልን ዝቅ፣ ትራይግሊሰራይድን ከፍ እንደሚያደርግ ከሌሎች ጥናቶች ይታወቃል፣ ይሄ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ያ ማለት ግን ከ10 ሰው 7ቱ ልቡ ሊታመም ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩን ለብቻው ካነበባችሁት የምትሳሳቱት እንዲህ ነው። ስኳር፣ ግፊትና ሲጋራ ሲደረቡበት ነው አሳሳቢ የሚሆነው።

የጀመርነውን ጥያቄ እንመልስ፦ መድኃኒቱ ለምን ተጻፈ?

የተጻፈው ምናልባት አቶርቫስታቲን ወይም ሲምቫስታቲን ነው፣ ስታቲን የሚባለው ቤተሰብ። ስታቲን የታዘዘው ጥሩውን ለማሳደግ አይደለም። ጠባቂው ከተዳከመ ወራሪውን መቀነስ ነው ሐሳቡ። በእንግሊዝና በአየርላንድ ካርድስ በተባለ ጥናት ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸው፣ ግን የልብ ሕመም አጋጥሟቸው የማያውቅ 2,838 ሰዎች ላይ አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም ተሞከረ። መጥፎው ኮሌስትሮላቸው ያን ያህል ከፍ ያለ አልነበረም። አማካይ ኤችዲኤላቸውም ስንት ነበር? 54 አካባቢ። አዎ፣ «ኖርማል»። በ2004 በወጣው ውጤት መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በ37 በመቶ ቀነሰ፣ ስትሮክ ደግሞ በ48 በመቶ። ጥቅሙ ግልጽ ስለነበር ሙከራው ከታሰበው ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ተጠናቀቀ።

ለዚህ ነው የሕክምና መመሪያዎች ከ40 እስከ 75 ዓመት ላሉ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ስታቲን እንዲጀመር የሚመክሩት፣ ኤችዲኤሉ ምንም ይበል ምን። «ስታቲን ስኳር ይጨምራል» የሚባለው እውነትነት አለው፣ በትንሹ ሊጨምር ይችላል። ግን ከሚያስቀረው የልብ ሕመም ጋር ሲመዘን ሚዛኑ ወደ መድኃኒቱ ያደላል። ጡንቻ ካመመ በራስ ማቆም ሳይሆን ለሐኪም መንገር ነው፣ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊቀየር ይችላል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ማማከር አለባት።

የኤችዲኤልን ሥራ በተመለከተ መድኃኒት ያቃተውን የሚሞክሩ ነገሮች አሉ። ሲጋራ ማቆም አንዱ ነው፣ ባቆሙ ሰዎች ላይ ኤችዲኤል በሳምንታት ውስጥ ማገገም ይጀምራል። መንቀሳቀስ ሌላው ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል፣ ማለትም ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድም ይቆጠራል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ስለሚችል ከረሜላ ኪሱ ይያዝ፣ እግሩን የማይልጥ ጫማም ያድርግ። በስፔን የተሠራው ፕሬዲሜድ የተባለ ጥናት ደግሞ የወይራ ዘይት ያለበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ የኤችዲኤልን ሥራ እንደሚያሻሽል በ2017 አሳይቷል። ጥሩ ነው፣ ዋጋውን ግን እናውቃለን! ቁም ነገሩ በክፍል ሙቀት የማይረጋ ዘይት የሚረጋውን ሲተካ ነው፣ የኑግና የሱፍ ዘይትም ከማይረጉት ናቸው። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ቤት ውስጥ አሉ። ለስላሳውና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ነው መቀነስ ያለበት፣ ትራይግሊሰራይዱን የሚያነሳው እሱ ነውና።

ቅቤስ? ቅቤ ኤችዲኤልን ትንሽ ያነሳል፣ እውነት ነው። መጥፎውንም ያነሳል። አልኮልም እንዲሁ ኤችዲኤል ያሳድጋል፣ ለዚህ ብሎ መጠጣት የሚመክር የሕክምና መመሪያ ግን የለም። አብሽ ስኳርን በመጠኑ እንደሚያወርድ ያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። የልብ ሕመም እንደሚያስቀር በትልቅ ሙከራ ግን አልተረጋገጠም። መጠጣቱ ለብቻው ችግር የለውም፣ መድኃኒት አቋርጦ መጠጣቱ ነው ችግሩ።

ወረቀቱን ስታነቡ

ከጥሩው ይልቅ ሌላ ቁጥር ፈልጉ። አጠቃላይ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ። 200 ላይ 54 ሲቀነስ 146 ነው። ይሄ «ኤችዲኤል ያልሆነው» ኮሌስትሮል ይባላል፣ ጎጂዎቹን ኳሶች በሙሉ አንድ ላይ ይይዛል፣ ስኳር ላለበት ሰው ከኤልዲኤል ለብቻው የተሻለ ይናገራል። ከ130 በታች፣ አደጋው ከፍ ላለ ሰው ደግሞ ከ100 በታች ይፈለጋል። ሌላው፣ ብዙ ላብራቶሪ ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለካም፣ በሒሳብ ነው የሚያወጣው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ያ ሒሳብ አይሠራም፣ ያኔ በባዶ ሆድ መደገም ወይም በቀጥታ መለካት አለበት።

ስኳር የቆየበት ሰው የልብ ሕመም ሲይዘው ደረቱን ላያመው እንደሚችልም እወቁ። ነርቮቹ ስለሚጎዱ ምልክቱ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። «ጨጓራ ነው» ብሎ ማደር አይደለም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

እንግሊዝ ወይም ስዊድን ያለች አክስታችሁ ውጤቷን ልካላችሁ 1.2 ካለ አትደንግጡ፣ እዚያ የሚለኩት በሚሊሞል በሊትር ነው። ኮሌስትሮሉን በ38.7 አባዙት፣ 46 ገደማ ይመጣል። ለትራይግሊሰራይድ ግን ማባዣው 88.6 ነው፣ እንዳታቀላቅሉት።